ቁልፍ፣ ማኅተምና የይለፍ ቃል

ተማሪዎች፤ አንድ የቅዳሜ ማለዳ በዐይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። አንዲት አያት፣ ልጃቸው ከዐረብ አገር የላከችላቸውን ገንዘብ በእጅ ስልክ በሚንቀሳቀስ ሒሳብ አኑረዋል። ገንዘቡ ለቤት ኪራይና ለመድኃኒት የታሰበ ነው። ስልኩ ይጠራል። ደዋዩ በትሕትና ስማቸውን ጠርቶ ሰላምታ ያቀርባል፤ ከባንክ እንደሚደውልም ይናገራል። ቀጥሎም «እማማ፣ ሒሳብዎ ዛሬ ሊዘጋ ነው፤ እንዳይዘጋብዎ አሁን በስልክዎ የሚደርስዎትን ባለ ስድስት አኀዝ ቁጥር ይንገሩኝ» ይላቸዋል። ቁጥሩም በእርግጥ ይደርሳል። አያቲቱ ዐይናቸው ስለ ደከመ ስልኩን ለልጅ ልጃቸው ያቀብሏታል። እርስዋም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ማንበብ አያቅታትም። ታንብብለት ወይስ አታንብብለት?

ብዙ ሰው «አታንብብለት» ብሎ ለመመለስ አይቸገርም። ይሁን እንጂ «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ ያመነታል። ቁጥሩ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚከፍትና ስለምን በዚያች ደቂቃ እንደ ደረሰ የሚያስረዳ ጥቂት ነው። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ደግሞ ዛሬ ቢጠነቀቅ እንኳ ነገ ሌላ ደዋይ በሌላ ቃል ሲመጣበት ይሸነፋል። ስለዚህ በዚህ ምንባብ የኮምፒውተር ደኅንነት የሚገለጽባቸውን ዋና ዋና ቃላት አንድ በአንድ እንመረምራለን። ስለ ገላጭ ድርሰት በተማራችሁበት ክፍል እንደ ተመለከታችሁት፣ አንድን ቃል መተርጐም ማለት በአጠገቡ ከቆሙት ተመሳሳይ ቃላት ለይቶ ማቆም ነው። በዚህ ጉዳይ ግን ቃላቱን ሳይለዩ ማለፍ የሚያስከትለው ጉዳት ከፈተና ማርክ በላይ ነው።

በቅድሚያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። «ሳይበር» የሚለው ቃል መነሻው የመርከብ መሪ የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ቃል ነው። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ኖርበርት ዊነር እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው «ሳይበርኔቲክስ» በተሰኘ መጽሐፍ ቃሉን ለሳይንስ አዋለው። በአሁኑ አነጋገር ሳይበር ሲባል ኮምፒውተሮችን፣ የእጅ ስልኮችንና እነዚህን የሚያያይዘውን መረብ፣ በውስጣቸው የሚመላለሰውንም መረጃ ሁሉ ያጠቃልላል። እንግዲህ የሳይበር ደኅንነት ማለት ይህን መረጃና መረጃው የሚያልፍባቸውን መሣሪያዎች ከጉዳት መጠበቅ ማለት ነው። በአገራችንም ይህን ሥራ በኀላፊነት የሚመራ መሥሪያ ቤት በ1999 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ ዛሬ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ተብሎ ይጠራል።

ሥጋት፣ ክፍተት፣ ጥቃት፣ አደጋ፤ እነዚህ አራት ቃላት በተራ አነጋገር እየተተካኩ ይነገራሉ። ልዩነታቸውን ለማሳየት አንድ የማስታውሰውን ነገር ልንገራችሁ። በአንድ ወቅት አስተምርበት በነበረ ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት የሚቀመጥበት የብረት ቁም ሣጥን ነበር። ብረቱ ወፍራም ነው፤ ጓጉንቸሩም ከጡጫ ይበልጣል። መክፈቻው ግን «እንዳይጠፋ» ተብሎ ከበሩ ጀርባ በምስማር ተንጠልጥሎ ይውል ነበር። ሁላችንም መምህራን በየዕለቱ እናየው ነበር፤ አንዳችንም ነውር ነው አላልንም።

ፈተናውን አስቀድሞ ለማየት የሚመኝ ተማሪ መኖሩ ሥጋት ነው። በምስማሩ ላይ የተንጠለጠለው መክፈቻ ክፍተት ነው። ተማሪው ቢሮው ባዶ ሲሆን ገብቶ መክፈቻውን ቢያነሣ ጥቃት ይሆናል። አደጋ የምንለው ደግሞ ይህ ሊደርስ የሚችልበት ዕድል ከሚያስከትለው ጉዳት ጋር ተደምሮ ሲመዘን ነው፤ የክፍል ፈተና ቢሰረቅ ጉዳቱ የአንድ ክፍል ነው፤ አገር አቀፍ ፈተና ቢሰረቅ ግን የአገር ነው። ስለዚህ ሥጋቱ አንድ ዐይነት ሆኖ ሳለ አደጋው ሊለያይ ይችላል። ከአራቱ መካከል በእጃችን ያለው ክፍተቱ ነው። የሰውን ምኞት ማስቀረት አይቻለንም፤ ምስማሩን ግን መንቀል እንችላለን። በኋላም ርእሰ መምህሩ መክፈቻውን ወደ ኪሳቸው አዛወሩት፤ ከዚያ በኋላ ርእሰ መምህሩ በታመሙ ጊዜ ፈተናው በሰዓቱ ሊወጣ ባለመቻሉ ሌላ ችግር ተፈጠረ።

ይህ ሁለተኛው ችግር ወደ ሌላ ፍሬ ነገር ይመራናል። መረጃ ደኅና ነው የሚባለው መቼ ነው? ባለሙያዎች ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው ይላሉ። አንደኛው ምሥጢራዊነት ነው፤ መረጃውን የተፈቀደለት ብቻ ሊያየው ይገባል። ሁለተኛው ያልተዛባነት ነው፤ መረጃው ያለ ፈቃድ ሳይቀነስ፣ ሳይጨመርና ሳይለወጥ መቆየት አለበት። ሦስተኛው ተደራሽነት ነው፤ ባለቤቱ በፈለገው ጊዜ ሊያገኘው ይገባል። በርእሰ መምህሩ ኪስ የገባው መክፈቻ ምሥጢራዊነትን አጸና፤ ተደራሽነትን ግን አጐደለ። ሦስቱን ባንድነት መያዝ የደኅንነት ሥራ ሁሉ ፈተና ነው።

ከሦስቱ ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ያልተዛባነት ነው። ሰው ደኅንነት ሲባል የሚታየው የተደበቀ ነገር እንጂ ያልተለወጠ ነገር አይደለምና። ሆኖም የአንዲት ቃል መለያየት ምን ያህል እንደሚያደርስ የኢትዮጵያ ታሪክ አስተምሮናል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጻፈ። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በሚኖራቸው ጉዳይ የጣሊያንን መንግሥት እርዳታ ለመጠቀም «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ ጻፈው። በማኅተምና በፊርማ በኩል ጉድለት አልነበረም። ማኅተም ጽሑፉ ከማን እንደ ወጣ ይመሰክራል እንጂ ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ነገር እንደሚናገሩ አይመሰክርም። ከዚያ በኋላ እስከ ዐድዋ የደረሰውን በታሪክ ትምህርታችሁ ታውቁታላችሁ።

ዛሬ ኮምፒውተር አንድ ጽሑፍ በመንገድ ላይ አለመለወጡን የሚያረጋግጠው የጽሑፉን «አሻራ» በማስላት ነው። አሻራው ከጽሑፉ በሒሳብ ስሌት የሚወጣ አጭር ቁጥር ነው። ከጽሑፉ አንዲት ፊደል፣ አንዲት ነጥብ እንኳ ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ላኪውና ተቀባዩ ያወጡት አሻራ ካልተመሳሰለ በመካከል የነካው አለ ማለት ነው። ያም ሆኖ አሻራ የትርጉምን ስሕተት አይይዝም፤ የውጫሌን ውል የመሰለ ልዩነት የሚይዘው ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ አስተዋይ አንባቢ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ መረጃ የሚዛባው በጠላት እጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ታውኮ አንዳንድ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ለማውጣትና ለማዛወር ቻሉ። ባንኩ ነገሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን የውስጥ ሥርዓት እክል መሆኑን ገለጸ፤ ገንዘቡንም ለማስመለስ ብዙ ደከመ። ጥቃት አልነበረም፤ ክፍተት ግን ነበር፤ የሒሳቡም ያልተዛባነት ተጓድሏል። ቃላቱን ለይቶ ያወቀ ሰው እንዲህ ያለውን ዜና ሲሰማ ምን እንደ ሆነና ምን እንዳልሆነ ለመናገር አይቸገርም።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። አንድ ሰው በር አንኳኩቶ «እኔ እገሌ ነኝ» ሲል እውነት እርሱ መሆኑን መለየት ማንነትን ማረጋገጥ ይባላል። ከገባ በኋላ የትኛውን ክፍል ሊያይ፣ የትኛውን ዕቃ ሊያነሣ እንደሚችል መወሰን ደግሞ ፈቃድ መስጠት ነው። እንግዳ ወደ ሳሎን ይገባል፤ ወደ ጓዳ ግን አይገባም።

ማንነትን ለማረጋገጥ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቁ ሦስት መንገዶች አሉ፤ በምታውቀው ነገር፣ በያዝኸው ነገርና በራስህ አካል። የመጀመሪያው የይለፍ ቃል ነው። ቃሉ የተወረሰው ከጦር ሜዳ ነው፤ በሌሊት ወደ ሰፈር የሚመጣ ወታደር ዘቡ ሲጠይቀው የዕለቱን ቃል ካልመለሰ አያልፍም። ሁለተኛው እንደ መታወቂያ፣ እንደ ማኅተም ቀለበትና በዘመናችን እንደ እጅ ስልክ ያለው ነው። ሦስተኛው የጣት አሻራ፣ የዐይን ብሌን፣ ድምፅ ነው። ሦስተኛው አዲስ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል፤ ነገር ግን በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 የተጻፈውን ታሪክ አስታውሱ። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የሚያልፈውን ሁሉ «ሺቦሌት» በል ይሉት ነበር። ኤፍሬማዊው ቃሉን ያውቀዋል፤ ምላሱ ግን «ሲቦሌት» ይላል፤ በዚያም ይያዛል። ቃሉ ምሥጢር አልነበረም፤ የለየው አንደበቱ ነው።

በኮምፒውተር ላይ የይለፍ ቃል መጠቀም የተጀመረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ተመራማሪዎች በአንድ ኮምፒውተር በየተራ ይጠቀሙ ስለ ነበር የእያንዳንዱን ሥራ ከሌላው መለየት አስፈለገ። ብዙም ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ የዶክትሬት ተማሪ የተመደበለት ሰዓት አልበቃ ቢለው የይለፍ ቃላቱን ሁሉ የያዘውን መዝገብ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲያትምለት አዘዘው፤ አተመለትም። የይለፍ ቃልና የይለፍ ቃል ስርቆት ዕድሜያቸው ከሞላ ጐደል እኩል ነው ብንል አልተሳሳትንም። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ቃላቱን በግልጽ መዝግቦ አለማስቀመጥ ነው። ደኅና የተሠራ ሥርዓት ቃሉን አይመዘግብም፤ ከላይ እንዳየነው ያለ አሻራውን ብቻ ይይዛል። ከአሻራው ወደ ቃሉ መመለስ ደግሞ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

የይለፍ ቃል ብርታት የሚለካው ለመገመት በሚፈጀው ጊዜ ነው። እስኪ እናስላው። አራት አኀዝ ያለው የምሥጢር ቁጥር ከ0000 እስከ 9999 ድረስ 10,000 ዐይነት ሊሆን ይችላል። በአንድ ሰከንድ አንድ ጊዜ መሞከር የሚችል ሌባ ሁሉንም በ2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ይጨርሳል። ገንዘብ መክፈያው መሣሪያ ከጥቂት ስሕተት በኋላ ካርዳችሁን የሚይዘው ስለዚህ ነው። ስድስት አኀዝ ቢሆን 1,000,000 ይሆናል። በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት በአራት ሆሄ የሚሠራ ቃል 456,976 ዐይነት ነው። በአማርኛስ? 33ቱን ፊደላት በሰባቱ ብናባዛ 231 እናገኛለን፤ ከእነዚህ በአራት ሆሄ ሊሠሩ የሚችሉት 2,847,396,321 ናቸው። ፊደላችን በዚህ በኩል ባለጸጋ ነው፤ የሚያሳዝነው ብዙ ሥርዓቶች ለይለፍ ቃል የግእዝ ፊደል አይቀበሉም።

ነገር ግን በዚህ ስሌት አትታለሉ። ስሌቱ የሚሠራው ቃሉ በዘፈቀደ ሲመረጥ ብቻ ነው። ሰው ደግሞ በዘፈቀደ አይመርጥም፤ የልጁን ስም፣ የተወለደበትን ዓመት፣ የስልኩን የመጨረሻ አኀዞች ይመርጣል። ሌባውም ከእነዚህ ይጀምራል። ስለሆነም እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት ወይም አምስት ቃላት ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም የይለፍ ቃል፣ ምልክት ከተደነቀረበት አጭር ቃል ይበልጥ ይጸናል፤ ለማስታወስም ይቀላል። ደግሞም አንዱን ቃል ለሁሉም በር ማድረግ፣ አንዱ ሲሰበር ሁሉም እንዲከፈት መፍቀድ ነው።

ቀጥሎ ያለው ቃል ምሥጠራ ነው። ምሥጠራ ማለት አንድን ጽሑፍ መክፈቻው ከሌለው ሰው ዘንድ ትርጉም እንዳይሰጥ አድርጎ መለወጥ ነው። የሮማው ጁሊየስ ቄሳር እያንዳንዱን ፊደል ሦስት ቦታ ወደ ፊት እያሻገረ ይጽፍ እንደ ነበር ተመዝግቧል። እኛም በፊደል ገበታችን ልንሠራው እንችላለን። እያንዳንዱን ሆሄ አንድ እርከን ወደ ፊት እናሻግረው፤ ግእዙ ካዕብ፣ ካዕቡ ሣልስ እያለ ይቀጥላል፤ ሳብዑ ግን ወደ ግእዝ ይመለሳል። እንግዲህ «ሰላም» የሚለው ቃል «ሱሌሞ» ይሆናል፤ «መጽሐፍ» ደግሞ «ሙጾሑፎ» ይሆናል። እዚህ ላይ ዘዴው «እርከን ማሻገር» ሲሆን ቁልፉ «አንድ» የሚለው ቁጥር ነው። እርከኖቹ ሰባት ብቻ ስለሆኑ ዘዴውን ያወቀ ሰው ስድስት ጊዜ ሞክሮ ይፈታዋል። ዛሬ በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበትና እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ መንግሥት መለኪያ ሆኖ የጸደቀው ምሥጠራ ግን፣ በትንሹ ቁልፍ እንኳ ሊሞከሩ የሚገባቸው ዐይነቶች ብዛት 39 አኀዝ የሚፈጅ ቁጥር ነው።

ኦገስት ኬርክሆፍስ የተባለ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1883 ባወጣው ጽሑፍ፣ ጠላት ዘዴውን ቢያውቅ እንኳ ቁልፉን እስካላገኘ ድረስ ምሥጢሩ ሊጸና ይገባል ሲል አስገነዘበ። ይህ አስተያየት ዛሬም የሙያው መሠረት ነው። የምሥጠራ ዘዴዎች በአደባባይ ታትመው በየዓለሙ ሊቃውንት ይመረመራሉ፤ ተደብቆ የሚያዘው ቁልፉ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ለብዙ ዘመን አልተፈታም ነበር። ተራርቀው ያሉ ሁለት ሰዎች ቁልፉን ራሱን እንዴት ይላላኩ? ቁልፉን በግልጽ ቢልኩት ይሰረቃል፤ ቢያመሰጥሩት ሌላ ቁልፍ ያስፈልገዋል። መፍትሔው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መንገዱን ከፈቱ፤ በዓመቱም ሪቬስት፣ ሻሚርና ኤድልማን የተባሉ ሦስት ሊቃውንት በሥራ ላይ የሚውል ስሌት አወጡለት። ነገሩን ለማስረዳት የአማርኛችንን አንድ ጠባይ ማንሣት ይጠቅማል። በአማርኛ «ቁልፍ» ስንል አንዳንዴ የሚዘጋውን ጓጉንቸር፣ አንዳንዴ የሚከፍተውን መክፈቻ ማለታችን ነው። በቤት ውስጥ ይህ አያምታታም፤ እዚህ ግን ያምታታል፤ ምክንያቱም የአዲሱ ዘዴ ብልሃት ሁለቱን መለያየት ነውና። አንዲት ሴት ክፍት የሆኑ ብዙ ጓጉንቸሮች አሠርታ ለመንደሩ ሁሉ ታድላለች፤ መክፈቻውን ግን ለማንም አትሰጥም። ምሥጢር ሊልክላት የፈለገ ሰው ደብዳቤውን በሣጥን ውስጥ አድርጎ በእርስዋ ጓጉንቸር ይቈልፈዋል። ከቈለፈ በኋላ ራሱም ሊከፍተው አይችልም። ጓጉንቸሩ የአደባባይ ቁልፍ ይባላል፤ መክፈቻው የግል ቁልፍ ይባላል።

አድራሻቸው «ኤችቲቲፒኤስ» ብሎ የሚጀምር የመረብ ገጾች በዚህ መንገድ ይጠበቃሉ። ይህ ምልክት በእናንተና በገጹ መካከል ያለው መንገድ የተሸፈነ መሆኑን ይገልጻል። ከመንገዱ ማዶ የተቀመጠው ሰው ታማኝ መሆኑን ግን አይገልጽም። ሌባም ጓጉንቸር ሊያሠራ ይችላል።

ጎጂ ፕሮግራም የሚለው ስም ብዙ ዐይነቶችን ይይዛል። ቫይረስ የሚባለው ከሌላ ፕሮግራም ወይም ሰነድ ጋር ተጣብቆ ሰው ያንን ሲከፍት የሚባዛ ነው። ትል የሚባለው የማንንም እርዳታ ሳይጠብቅ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በመረብ የሚሳብ ነው። የትሮይ ፈረስ የሚባለው ጠቃሚ መስሎ ገብቶ በውስጡ የሸሸገውን የሚለቅቅ ነው። ማስለቀቂያ ጠያቂ የሚባለው የባለቤቱን ሰነዶች አመስጥሮ ገንዘብ ካልተከፈለኝ መክፈቻውን አልሰጥም የሚል ነው፤ ለጥበቃ የተፈጠረው ምሥጠራ እዚህ ላይ ለቅሚያ ይውላል።

ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የተባለው ማስለቀቂያ ጠያቂ ፕሮግራም በአንድ ቀን ውስጥ በብዙ አገሮች ተዛመተ፤ በጥቂት ቀናትም ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ያዘ። በእንግሊዝ አገር በርካታ ሆስፒታሎች የሕሙማንን መዝገብ ማየት አቃታቸው፤ ቀጠሮዎችና ቀዶ ሕክምናዎች ተሰረዙ፤ አምቡላንሶች ወደ ሌላ ሆስፒታል ተመለሱ። የጠየቀው ገንዘብ በአንድ ኮምፒውተር 300 ዶላር ነበር። አስገራሚው ነገር ግን ሌላ ነው። ፕሮግራሙ የገባበት ክፍተት የማይታወቅ አልነበረም። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ መጠገኛውን መጋቢት 5 ቀን፣ ማለትም ጥቃቱ ከመድረሱ ሁለት ወር ያህል አስቀድሞ አውጥቶ ነበር። የተጠቁት በአብዛኛው መጠገኛውን ያልጫኑ ወይም ዕድሜው ባለፈ ፕሮግራም የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ናቸው። መክፈቻው በምስማር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ሁለት ወር ቆየ ማለት ነው። ስልካችሁ «አዲስ ዝማኔ አለ» ሲላችሁ ነገ ነገ እያላችሁ የምታቆዩት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ መጠገኛ ነው። ከማስለቀቂያ ጠያቂ ለመዳን ሌላው መንገድ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ ነው፤ ይኸውም የሰነዶቻችሁን ቅጂ ከኮምፒውተሩ ተነጥሎ በሚቀመጥ ሌላ ዕቃ ላይ ማኖር ነው። ተያይዞ የሚውል ቅጂ አብሮ ይያዛልና።

ወደ አያቲቱ ቤት እንመለስ። ደዋዩ የሚሠራበት ዘዴ ማጥመድ ይባላል። በጽሑፍ መልእክት ወይም በኢሜይል ሲሆን ፈረንጆቹ «ፊሺንግ» ይሉታል፤ ዓሣ ማጥመድ ከሚለው ቃላቸው የወጣ ነው። ይህ ዘዴ ኮምፒውተር አይሰብርም፤ ሰውን ያሳምናል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ከፊሊፒንስ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው ትል በኢሜይል ሲላክ ርእሱ «እወድሃለሁ» የሚል ነበር። ሚሊዮኖች የከፈቱት ይህን ቃል ማን እንደ ጻፈላቸው ለማወቅ ጓጉተው ነው። አጥማጅ ዘወትር ከሦስቱ በአንዱ ይመጣል፤ በፍርሃት፣ በጉጉት ወይም በችኮላ። የአያቲቱ ደዋይ ፍርሃትንና ችኮላን አጣምሯል፤ ሒሳብዎ ይዘጋል፤ ያውም ዛሬ።

ታዲያ ስድስቱ አኀዝ ምንድን ናቸው? ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህና ባንኮችም አገልግሎታቸውን ወደ እጅ ስልክ ካመጡ በኋላ፣ በአገራችንም ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የተለመደ ሆኗል። ይህም ማለት ሥርዓቱ «የምታውቀውን ነገር» ብቻ ሳይሆን «የያዝኸውን ነገር» ጭምር ይጠይቃል ማለት ነው። አንድ ሰው ከአዲስ ስልክ ወደ ሒሳቡ ልግባ ሲል ሥርዓቱ በተመዘገበው ስልክ ላይ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር ይልካል። ቁጥሩን የመለሰ ሰው ስልኩን በእጁ ይዟል ተብሎ ይታመናል።

እንግዲህ ቁጥሩ በዚያች ደቂቃ የደረሰው ስለምን እንደ ሆነ አሁን ግልጽ ነው። ደዋዩ በአንድ እጁ እያወራ በሌላ እጁ የአያቲቱን ሒሳብ በር እያንኳኳ ነው። ሥርዓቱም «ባለቤቱ ነህን?» ብሎ ጠይቆታል። ጥያቄው የተላከው ግን ወደ አያቲቱ ስልክ ነው። ደዋዩ የቀረው ያቺ መልስ ብቻ ናት። ባንክ የራሱን ጥያቄ መልስ ከደንበኛው በስልክ አይለምንም፤ ቁጥሩን የላከው እርሱ ራሱ ነውና።

ቁጥሩ ከተነበበለትስ? በዚህ ጊዜ ደቂቃ ዋጋ አለው። ከደወለው ቁጥር ጋር መነጋገር ትቶ በባንኩ ወይም በአገልግሎት ሰጪው በታወቀው ቁጥር ደውሎ ሒሳቡ እንዲታገድ መጠየቅ፣ ቀጥሎም የምሥጢር ቁጥሩን መለወጥ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በእፍረት ዝም ይላል፤ ለአጥማጁም ከሁሉ የሚመቸው ይህ ዝምታ ነው። ነገሩ ወደ ፖሊስ መድረስ አለበት፤ በአገራችን ሕግ አለና። የፊሊፒንሱ ትል በተለቀቀ ጊዜ በዚያ አገር ድርጊቱን የሚከለክል ሕግ ስላልነበረ ክሱ ተቋርጧል። በኢትዮጵያ ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስለ ኮምፒውተር ወንጀል አንቀጾች ነበሩት፤ ከዚያም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር መግባት አንዳች ጉዳት ባይደርስም እንኳ ራሱን ችሎ ወንጀል ነው። የጓደኛችሁን የይለፍ ቃል ገምታችሁ ለጨዋታ ገጹን መክፈትም ከዚሁ ይቈጠራል።

ለፖሊስ የሚቀርበው ማስረጃ ደግሞ በስልኩ ውስጥ አለ፤ ደዋዩ የደወለበት ቁጥር፣ የደወለበት ሰዓት፣ ስድስቱን አኀዝ ያመጣው መልእክት ናቸው። የልጅ ልጅቱ በድንጋጤ ልትሰርዛቸው ትችል ይሆናል። አትሰርዛቸው፤ ሰዓቱንና የተወሰደውን ገንዘብ ልክ በወረቀት ጽፋ ከአያትዋ ጋር ትሂድ።